ለወንድሜ «የኤንኬ ሴል ሕክምና» 42 ሺህ ዶላር ጠየቁን፤ የምታውቁ ንገሩኝ

ታናሽ_ወንድም (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ። ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ልጽፍ ተነሳሁ።

ታላቅ ወንድሜ 54 ዓመቱ ነው። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አምና የደም ካንሰር ተገኘበት። ዓይነቱ ኤኤምኤል የሚባለው፣ ፋታ የማይሰጠው ሉኬሚያ ነው። ኬሞ ወሰደ። ጠፋ ተባለ። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ቡና ተፈላ፣ ድፎ ተቆረሰ። ስምንት ወር ሳይሞላ አገረሸበት። አሁን ሐኪሞቹ ሌላ መድኃኒት ጀምረውለት ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ እያወሩ ነው።

በዚህ መሃል የቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ ገባ። ውጭ አገር ያለ የግል ክሊኒክ ነው። «ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴል» (ባጭሩ ኤንኬ) የሚባለውን ከራሱ ደም ወስደው፣ አባዝተው መልሰው ይሰጡታል። ስድስት ዙር፣ 42 ሺህ ዶላር። ጎን ለጎን ሂዩስተን ውስጥ «ከ11 ሰው 8ቱ ዳኑ» ይላል። እህቶቼ ማዋጣት ጀምረዋል። እናታችን የአዲስ አበባውን ቤት እንሽጥ እያለች ነው።

እውነት ነው ወይስ ማጭበርበር? ስሙ ራሱ «ገዳይ» ሲባል ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

ቦሌ_ሚካኤል · ማክሰኞ ማታ

ይማርልህ ወንድሜ። ስለ ሴሉ አላውቅም። ቤቱን ግን አትሽጡ።

ማይክሮስኮፕ · ማክሰኞ፣ እኩለ ሌሊት

እግዜር ይማርልህ። ሐኪም አይደለሁም። ኢሚዩኖሎጂ ላብ ውስጥ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኤንኬ ሴል ማሳደግ እንጀራዬ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም ነው፤ ሻይ ያዝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ስሙ አያስፈራህ። እኛ ጋ «ገዳይ» ውዳሴ አይደል እንዴ? ፉከራው ላይ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

ሴሎቹ እውነተኛ ናቸው። ይህን ስታነብ ራሱ ደምህ ውስጥ እየዞሩ ነው። ደም ውስጥ ካሉት ሊምፎሳይቶች (የነጭ የደም ሴል ዓይነት ናቸው) ከ5 እስከ 15 በመቶው እነሱ ናቸው። የታወቁት በ1975 ነው። ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኪስሊንግ፣ ክላይን እና ቪግዜል አገኟቸው። በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ የብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩቱ ሄርበርማንም ደረሰባቸው። ኢንስቲትዩቱ ያለው ቤተስዳ ነው፤ ትራፊክ ካልያዘህ ከናንተ ሩቅ አይደለም። «ተፈጥሯዊ» የተባሉት ሳይሠለጥኑ ስለሚገድሉ ነው። ሌላው የሰውነት ወታደር፣ ቲ ሴል የሚባለው፣ ጠላቱን መጀመሪያ መማር አለበት። እነዚህ ግን ሲወለዱም ዘበኛ ናቸው።

እንዴት ይለያሉ? ሴሎቻችን ላያቸው ላይ ኤችኤልኤ የሚባል ፕሮቲን ለጥፈው ይዞራሉ። የቀበሌ መታወቂያ በለው። ቲ ሴል መታወቂያው ላይ ያለውን ፎቶ እያየ ነው ተፈላጊውን የሚይዘው። ብልጥ የካንሰር ሴል ታዲያ ምን ያደርጋል? መታወቂያውን ይጥላል። ቲ ሴሉም ሳያየው ያልፋል። ኤንኬ ግን ፎቶ አይመለከትም። መታወቂያ አለህ? እለፍ። የለህም? ና ወዲህ! ይህን ያሰበው ክላስ ሼሬ የሚባል ስዊድናዊ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር በ1986 በሙከራ አሳየው።

ከያዘው በኋላ ፐርፎሪን በሚባል ነገር ሽፋኑን ይበሳዋል። በቀዳዳው ግራንዛይም ይሰድበታል። ሴሉ ራሱን በራሱ ያፈርሳል።

ክሊኒኩ የሚሸጥላችሁ ነገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነገ እመለስበታለሁ፤ እንቅልፍ ጣለኝ።

ጠርጣራው · ረቡዕ ጠዋት

ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ቀይ የደም ሴል ኤችኤልኤ የለውም ማለት ይቻላል። መታወቂያ የሌለው ሁሉ የሚገደል ከሆነ ኤንኬ ቀይ ደማችንን ለምን አይጨርሰውም?

ማይክሮስኮፕ · ረቡዕ ጠዋት

ይሄን ጥያቄ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው አለቃዬ ነበር። እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ።

ምሳሌዬ ጎዶሎ ነው፣ እውነትህን ነው። ኤንኬ ፍሬንም ነዳጅም አለው። ኤችኤልኤ ፍሬኑን ይረግጣል። ፍሬን ስለተለቀቀ ብቻ ግን መኪና አይሄድም፤ ነዳጅ መረገጥ አለበት። የተጨነቀ ሴል፣ ማለትም ቫይረስ የገባበት ወይም ካንሰር የሆነ፣ ጤነኛ ሴል ላይ የማይታዩ ምልክቶችን ያወጣል። ነዳጁ እነሱ ናቸው። ቀይ የደም ሴል እነዚህን አያወጣም። ስለዚህ ዘበኛው አይቶ ያልፈዋል።

ላብ ውስጥ ኤንኬ መሥራቱን የምንፈትነው ኬ562 በሚባል የሴል ዘር ነው። ምንጩ ሲኤምኤል የሚባል ሉኬሚያ የነበረባት ሴት ናት። ኤችኤልኤ የለውም፣ ምልክቱ ደግሞ ሞልቷል። ጤነኛ ኤንኬ ከሱ ጋር ስታገናኘው በአራት ሰዓት ውስጥ ዶግ አመድ ያደርገዋል። የሚገርመው፣ ዛሬ ያንኑ ኬ562 ለውጠው፣ በጨረር እንዳይራባ አድርገው፣ ኤንኬ ማባዣ መጋቢ አድርገውታል። ጠላቱ ሞግዚት ሆነ።

የሌሊት_ተረኛ · ረቡዕ ቀትር

ሰላም ሁላችሁም። የንቅለ ተከላ ክፍል ነርስ ነኝ። ታናሽ_ወንድም፣ አይዞህ ወንድምዬ። እኔ ቪዲዮው ላይ ስላያችሁት ቁጥር ልናገር። ቁጥሩ እውነት ነው። ግን የወንድምህ አይደለም።

ሂዩስተን፣ ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ውስጥ በኬቲ ረዝቫኒ የሚመራው ቡድን በ2020 ያወጣው ጥናት ነው። 11 ሕመምተኞች ነበሩ። 8ቱ ምላሽ ሰጡ። ከነሱ 7ቱ ላይ ካንሰሩ ሙሉ በሙሉ ከምርመራ ጠፋ። እስከዚህ ልክ ነው። ሴሎቹ ግን የሕመምተኞቹ አልነበሩም። ከወሊድ በኋላ ከሚቀር የእትብት ደም የተወሰዱ፣ የሌላ ሰው ሴሎች ናቸው። እንዲሁ ተባዝተውም አልተሰጡም። በጂን ምህንድስና ሦስት ነገር ተጨምሮባቸዋል። አንዱ ሲዲ19 የሚባለውን ምልክት የሚያድን መንጠቆ ነው፤ ካር የሚሉት። ሁለተኛው አይኤል-15 የሚባል፣ ሴሉ ራሱን የሚመግብበት ስንቅ ነው። ሦስተኛው፣ ነገር ከተበላሸ ሴሎቹን መግደያ የሚሆን ማጥፊያ ቁልፍ ነው።

ሲዲ19 ያለው ሊምፎማ (የሊምፍ እጢ ካንሰር)፣ ሲኤልኤል የሚባለው ሉኬሚያ እና መሰል፣ ቢ ሴል ከሚባለው ነጭ የደም ሴል የሚነሱ ካንሰሮች ላይ ነው። ኤኤምኤል በአብዛኛው የለውም። ክሊኒኩ የሊምፎማን ውጤት እያሳየ፣ ያልተለወጠ የራስ ሴል፣ ለኤኤምኤል ሕመምተኛ እየሸጠ ነው። የበግ ዋጋ አስከፍሎ ዶሮ መስጠት እንኳ አይደለም፤ ዶሮም ያለ አይመስለኝም።

ታናሽ_ወንድም · ረቡዕ ቀትር

እንዴ! በቪዲዮው እኮ ስለ እትብት ደም ምንም አላሉም። ሲዲ19 የሚል ቃልም አልሰማሁም። ግን የራሱ ሴል ከሌላ ሰው ሴል አይሻልም? እህቶቼን ያሳመናቸው ይሄ ነው። «የራሱ ስለሆነ አይጎዳውም» ይላሉ።

ማይክሮስኮፕ · ረቡዕ ማታ

አይጎዳውም ይሆናል። ካንሰሩንም ላይጎዳው ይችላል፤ ችግሩ እሱ ነው።

ዘበኛውን አስበው። የወንድምህ ኤንኬ ሲያድግ የለመደው የወንድምህን መታወቂያ ነው። ሉኬሚያው ደግሞ ከወንድምህ የወጣ ነው፤ መታወቂያው ያው ነው። ካልጣለው በቀር «የሰፈር ልጅ» ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ላይ ሉኬሚያና ኬሞ ያደከሙት ሴል ነው። የራስን ኤንኬ አባዝቶ መመለስ ድሮም ተሞክሯል፤ በካንሰር ላይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው።

የሌላ ሰው ኤንኬ ግን የሚፈልገው መታወቂያ ሌላ ነው። ካላገኘው ፍሬኑ ይለቀቃል። ይህን በሰው ላይ በግልጽ ያሳዩት ጣልያኖች ናቸው፤ ፔሩጃ ከተማ፣ ሩጄሪና ቬላርዲ፣ 2002። ግማሽ ተዛማጅ ከሆነ፣ ማለትም ኤችኤልኤው በግማሽ ከሚገጥም ዘመድ መቅኔ የወሰዱ ኤኤምኤል ሕመምተኞችን አነጻጸሩ። የለጋሹ ኤንኬ «መታወቂያህን አላውቀውም» ባለባቸው ሕመምተኞች ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ የመመለስ ዕድሉ ዜሮ ሆነ። በሌሎቹ ላይ 75 በመቶ። ቁጥሩን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተነስቼ ቁጭ ብያለሁ። በኋላ ሌሎች ማዕከላት ሲሞክሩት ሁሉም ይህን ያህል አላገኘም፤ ንቅለ ተከላው እንዴት እንደተሠራ ብዙ ይለያያል። በሩን የከፈተው ግን እሱ ነው።

ከዚያ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ጄፍሪ ሚለርና ባልደረቦቹ፣ 2005። ንቅለ ተከላ ሳያደርጉ፣ ከዘመድ ኤንኬውን ብቻ ወስደው ሰጡ። ተስፋቸው ከመነመነ 19 የኤኤምኤል ሕመምተኞች 5ቱ ላይ ካንሰሩ ጠፋ። ከዚያ ሴንት ሉዊስ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ 2016። የዘመድን ኤንኬ አይኤል-12፣ አይኤል-15 እና አይኤል-18 በሚባሉ ሦስት መልእክተኛ ፕሮቲኖች አንድ ሌሊት ነክረው ሰጡ። ሴሉ ይህን የሚያስታውስ ይመስላል፤ በኋላ ጠላት ሲያይ ይበልጥ ይቆጣል። ውጤታቸው ከተገመገመ 9 ሕመምተኞች 5ቱ ምላሽ ሰጡ። 4ቱ ሙሉ በሙሉ።

ልብ በል፤ ሦስቱም የወንድምህ ዓይነት ካንሰር ላይ ነው፣ ሦስቱም የሌላ ሰው ሴል ነው።

ጠርጣራው · ረቡዕ ማታ

ሁላችሁም ጥሩ ጥሩውን ነው የምትነግሩት። እኔ ስሜን ላክብር።

ሜምፊስ ውስጥ ሴንት ጁድ የሚባለው የሕጻናት ሆስፒታል በ2010 አሥር ልጆች ላይ ያደረገውን አወጣ። ኬሞ ጨርሰው ካንሰሩ የጠፋላቸው የኤኤምኤል ሕጻናት ናቸው። እንዳይመለስ ብለው ከወላጅ ኤንኬ ሰጧቸው። አሥሩም ላይ አልተመለሰም። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ያንኑ ሰፋ አድርገው ሠርተው በ2019 አወጡ። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ልዩነት አልተገኘም። በቃ።

የሂዩስተኑም ቢሆን፣ ከ8ቱ 5ቱ ከወር በኋላ ሌላ ሕክምና ጨምረው ወስደዋል። ጥናቱ 37 ሰው ሆኖ በ2024 ሲወጣ ምላሽ የሰጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በዓመቱ በሽታው ሳይባባስ የቆየላቸው ሲሶ ያህል ነው። መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ በጠና ለታመመ ሰው ሲሶ ብዙ ነው። ግን «ከ11 ሰው 8» ብሎ ቤት ማሸጥ ነውር ነው።

የሌሊት_ተረኛ · ሐሙስ ንጋት፣ ከሥራ ስወጣ

ጠርጣራው ልክ ነህ። እንዲያም ሆኖ እኛ ነርሶች ለምን እንደምንጓጓለት ልንገርህ።

ካር-ቲ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። የሕመምተኛውን ቲ ሴል ወስደው ለውጠው ይመልሳሉ። የመጀመሪያው በአሜሪካ የተፈቀደው በነሐሴ 2017 ነው፤ ለአንድ ሰው 475 ሺህ ዶላር ተብሎ። ሕይወት አድኗል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የሚያመጣው ትኩሳትና የአእምሮ መናወጥ ከባድ ነው። እኛ ጋ ካር-ቲ የወሰደን ሰው በየፈረቃው አንድ ዓረፍተ ነገር እናጽፈዋለን። ከመቶ ጀምረህ በአሥር በአሥር ወደ ኋላ ቁጠር እንለዋለን። እስክሪብቶ አሳይተን ይህ ምንድነው እንላለን። ትናንት ቀጥ አድርጎ የጻፈ መምህር ዛሬ መስመሩ ከወረቀቱ ሲወጣ ታያለህ። እስክሪብቶውን እያየ ስሙ ይጠፋዋል። ዘጠና ላይ ይቆማል። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። አብዛኛው ይመለሳል፤ ግን ያቺን ሌሊት አትረሳም።

የሂዩስተኖቹ 11 ሰዎች ላይ ይህ ከባድ ትኩሳትም፣ ይህ መናወጥም አልታየም። የሌላ ሰው ሴል ሆኖ ሳለም ሰውነታቸውን አላጠቃም። የለጋሽ ቲ ሴል ቢሆን ቆዳቸውን፣ አንጀታቸውን፣ ጉበታቸውን ሊበላ ይችል ነበር። ኤንኬ ይህን አያደርግም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው ከአንድ ሰው እትብት ደም ለብዙ ሰው ማዘጋጀት የሚቻለው። ከአንዱ ከረጢት ከመቶ ዶዝ በላይ ማውጣት እንደሚቻል ጽፈዋል። ሕመምተኛው ሴሉ ተሠርቶ እስኪመጣ ሳምንታት አይጠብቅም። እኛ ክፍል ሰው ሴሉን እየጠበቀ ሞቶ ያውቃል።

ኔታኒያ · ሐሙስ ጠዋት

ሰላም ከእስራኤል። የእህቴ ልጅ ከጥቂት ዓመት በፊት ሉኬሚያ ታሞ ነበር። ከመቅኔ ለጋሾች መዝገብ ፍለጋ ተደረገ። እዚህ ትልቅ መዝገብ አለ፤ ብዙ ሰው ይድንበታል። ለኛ ልጅ ግን ተዛማጅ አልተገኘም። የቤተ እስራኤል ሰው በዓለም መዝገብ ውስጥ ስንት ይሆናል ብላችሁ ነው? በመጨረሻ ግማሽ ተዛማጅ ከሆነው ከአባቱ ተሰጠው። ዛሬ ወታደር ነው፣ ተመስገን።

ታናሽ_ወንድም፣ የናንተስ ሰው ተመርምሯል? ቤተሰቡ?

የሌሊት_ተረኛ · ሐሙስ

ኔታኒያ ደህና ነገር አነሳህ። አሜሪካም ያው ነው። በአሜሪካው መዝገብ ሙሉ ተዛማጅ የማግኘት ዕድል ለነጭ 79 በመቶ ሲሆን ለጥቁር 29 በመቶ ነው። ሐበሻ ለብቻው ቢቆጠር ምን እንደሚሆን እናንተ ገምቱ። ስለዚህ ለኛ ሰው ግማሽ ተዛማጅ ንቅለ ተከላ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ሁሌም ለወላጁ ግማሽ ተዛማጅ ነው። ከእናትም ከአባትም የሚገናኝ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ከአራት አንድ ዕድል ሙሉ፣ ከሁለት አንድ ዕድል ግማሽ ተዛማጅ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድም ከጉንጩ ውስጥ በጥጥ ተጠርጎ ናሙናው ሊላክ ይችላል።

ሽቶ_መዓዛ · ሐሙስ

እናቴ ለሊምፎማ ሪቱክሲማብ ትወስዳለች። ይሄ ኤንኬ የሚባለው ለሷም ይሆን?

ማይክሮስኮፕ · ሐሙስ

እናትሽ ሳታውቀው እየተጠቀመችበት ነው! ሪቱክሲማብ ከ1997 ጀምሮ ያለ መድኃኒት ነው። ካንሰሩ ላይ ሄዶ ይለጠፋል፤ ጀርባው ደግሞ ወደ ውጭ ይቀራል። ኤንኬ ሲዲ16 በሚባል እጁ ያን ጀርባ ይይዝና ይገድላል። መድኃኒቱ የሚሠራበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። መልቲፕል ማየሎማ ለሚባለው የመቅኔ ካንሰር የሚሰጠው ዳራቱሙማብም እንዲሁ ነው። የሚገርመው፣ እሱ የሚለጠፍበት ሲዲ38 ኤንኬው ራሱ ላይም አለ። ስለዚህ ኤንኬዎቹ እርስ በርስ ይተላለቃሉ፤ ቁጥራቸው ይቀንሳል። መድኃኒቱ ግን እንዲያም ሆኖ ይሠራል። ባዮሎጂ ሁሌ እንዲህ ነው፤ አንዱን ሲይዙት ሌላው ያመልጣል።

ከኔታኒያ አገር አንድ ነገር ልጨምር። ኢየሩሳሌም የተመሠረተው ጋሚዳ ሴል የተባለ ኩባንያ የጤነኛ ለጋሽን ኤንኬ በኒኮቲናማይድ ያሳድግ ነበር። ኒኮቲናማይድ የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነው። ሚኒሶታ ላይ ከሪቱክሲማብ ጋር ለሊምፎማ ሲሞክሩት ከ19 ሰው 14ቱ ምላሽ ሰጡ። አደራ፣ ይህን አንብባችሁ ቢ3 ልትገዙ እንዳትሮጡ። ሴሉን ነው በላብ ውስጥ ያሳደጉት፤ ሰዎቹን አይደለም።

የገጠር_ልጅ · ሐሙስ ማታ

ፈረንጅ ዞሮ ዞሮ ወደ ተፈጥሮ ይመለሳል። ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ከማር ጋር ጠዋት ጠዋት ቢወስድ ኤንኬው ይጨምራል። ጸበሉም አይቅርበት።

የሌሊት_ተረኛ · ሐሙስ ማታ

ወንድሜ፣ ጸበሉን እኔም አምናለሁ፤ አልከለክልም። ኬሞ ላይ ያለ፣ ነጭ የደም ሴሉ የወረደ ሰው ግን ያልተፈላ ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ኢንፌክሽን በአንድ ሌሊት ይወስደዋል። ሽፈራውና ጥቁር አዝሙዱንም ለሐኪሙ ሳይነግር አይውሰድ። ጉበት ላይ ከመድኃኒቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ደግሞም የኤንኬ ቁጥር መጨመርና ሉኬሚያውን መግደል አንድ አይደሉም።

ቦሌ_ሚካኤል · ዓርብ

እኔ የምጠይቀው ለኛ ነው፤ ለአገር ቤት ሰው። እዚህ ሉኬሚያ የያዘው ሰው ለንቅለ ተከላ አቅም ያለው ህንድ ይሄዳል፤ የሌለው ይቀራል። የጎረቤቴ ልጅ ሲኤምኤል ኖሮት ኢማቲኒብ በእርዳታ በነጻ ያገኛል፤ በቀን ክኒን እየዋጠ ሹፌርነቱን ይሠራል። ኤኤምኤል ቢሆን ኖሮስ? ይህ ኤንኬ እኛ ጋ ይደርሳል?

ማይክሮስኮፕ · ዓርብ

ወንድሜ፣ ቶሎ አይደርስም። አሜሪካም ራሱ ለደም ካንሰር የተፈቀደ የኤንኬ ሴል ሕክምና የለም። ሁሉም ሙከራ ላይ ነው። ለምን ካልከኝ፣ ሴሉ አስቸጋሪ ነው። በራሱ ከተተወ ሰውነት ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ቢቆይ ነው። ቲ ሴል ግን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ድሮ እንዲቆይ ብለው አይኤል-2 የሚባል መልእክተኛ ፕሮቲን ይሰጡ ነበር። አይኤል-2 ግን በሽታ መከላከያችንን የሚያቀዘቅዙትን ቲ ሴሎችም አብሮ ያበዛቸዋል። ለዚህ ነው ወደ አይኤል-15 የዞሩት።

ቅዝቃዜውም ሌላ ጣጣ ነው። ኤንኬ ቀዝቅዞ ሲቀልጥ ይደክማል። እኔ አርባ ጊዜ ያህል አቅልጬዋለሁ። ማታ ነብር ሆኖ ይገባል፤ ጠዋት ድመት ሆኖ ይወጣል። ሂዩስተኖችም በኋላ ያዩት ይህንኑ የሚያስታውስ ነው። ሕጻኑ ከተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የቀዘቀዘ የእትብት ደም የወሰዱት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። እንግዲህ ጎተራው ጥሩ ካልሆነ እህሉም አይበጅ።

ግን ሐሳቡ ለኛ ዓይነት አገር የሚሆን ነው። አንድ ከረጢት ለመቶ ሰው። ህንዶቹ ካር-ቲን በጥቅምት 2023 ኔክስካር19 ብለው ሲያስፈቅዱ ዋጋው ከአሜሪካው አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። አይአይቲ ቦምቤይ የሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋምና ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ናቸው የጀመሩት። ስለዚህ ውድ ሆኖ የቀረ ሁሉ ውድ ሆኖ አይቀርም።

ታናሽ_ወንድም · ዓርብ ማታ

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ዛሬ ክሊኒኩን በኢሜይል ጠየቅኳቸው። የማን ሴል ነው? በኪሎ ስንት ሴል ትሰጣላችሁ? ለኤኤምኤል የሰጣችኋቸው ሰዎች ውጤት የት ታትሟል? የሙከራ ምዝገባ ቁጥር አላችሁ?

በሁለት ሰዓት መለሱ። ጥያቄዎቼን አንዱንም አልነኩም። እስከ ሰኞ ከከፈላችሁ 10 በመቶ እንቀንሳለን አሉ።

ጠርጣራው · ዓርብ ማታ

ሞባይል ነው እንዴ የሚሸጡት?

የሌሊት_ተረኛ · ዓርብ ማታ

መልስህን አገኘህ። እውነተኛ ሙከራ ላይ ለሙከራው ሴል ሕመምተኛው አብዛኛውን ጊዜ አይከፍልም። መደበኛ ሕክምናው ላይ ኢንሹራንስ ይገባል። ቤተስዳ ያለው የኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም) ክሊኒካል ሴንተር ደግሞ ሙከራ ውስጥ የገባን ሰው ለሕክምናው ጭራሽ አያስከፍልም። ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ላይ ግባ። «ኤኤምኤል» ከዚያ «ናቹራል ኪለር» ብለህ ፈልግ፤ ሕመምተኛ እየተቀበሉ ያሉትን ብቻ ለይ። አትመህ ለሐኪሙ ውሰድለት። አትፈር፤ እኛ ክፍል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ እንወዳለን። ግን አንድ ነገር፦ ሙከራው ንቅለ ተከላውን የሚያዘገይ ከሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ካንሰሩ ጠፍቶ ሳለ ነው ንቅለ ተከላው የሚያምረው፤ ያ በር ደግሞ ክፍት ሆኖ ብዙ አይቆይም።

ታናሽ_ወንድም · ከ11 ቀን በኋላ

ሰላም ቤተሰብ፣ ወሬ ላድርሳችሁ።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለአሁኑ ሙከራ ሳይሆን ንቅለ ተከላ ይቅደም አለች። የመጨረሻው የመቅኔ ምርመራው ጥሩ ነው፤ ካንሰሩ አልታየም። ጊዜው አሁን ነው ተባልን። መዝገብ ላይ ሙሉ ተዛማጅ አልተገኘም። ኔታኒያ፣ አንተ ያልከው ደረሰ። የ24 ዓመት ልጁ ግማሽ ተዛማጅ ናት። አዲስ አበባ ያለችው እህታችን ናሙናዋ መንገድ ላይ ነው። እኔ ነገ ጠዋት ደም እሰጣለሁ።

ስለ ኤንኬ ጠየቅኳት። ሳቀችና «የቤት ሥራህን ሠርተሃል» አለችኝ። ከአንድ በላይ ለጋሽ ካለን መጀመሪያ የሚያዩት ዕድሜንና የወንድሜ ደም ለጋሹን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው ነው። ከዚያ እኩል ከሆንን የለጋሹን ኤንኬም ያያሉ። ለወንድሜ ይህን ስነግረው «የናንተ ዘበኛ ከኔ ዘበኛ ይሻላል ማለት ነው?» አለኝ። ከታመመ ጀምሮ የመጀመሪያ ቀልዱ ነው።

እናቴን ያሳመናት የ10 በመቶው ቅናሽ ነው። «መድኃኒት የሚቸረችር ሰው አላምንም» ብላ ቤቱን ተወችው።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ለነገው ምርመራ ባዶ ሆዴን ልሂድ?

የሌሊት_ተረኛ · በዚያው ሌሊት

እሰይ! ለኤችኤልኤ ምርመራ መጾም አያስፈልግም። ቁርስህን ብላ። ውሃ ጠጣ፣ ደም ሥርህ ቶሎ እንዲገኝ።

ታናሽ_ወንድም · በዚያው ሌሊት

ቡናስ?

የሌሊት_ተረኛ · በዚያው ሌሊት

ጠጣ። ለወንድምህም በፔርሙስ ያዝለት።